695 ሰው የገደለው ቶርኔዶ፦ እ.ኤ.አ. በ1925 ያን ያህል ሕይወት ለምን ጠፋ?

እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1925 (መጋቢት 9 ቀን 1917 ዓ.ም.)፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ቶርኔዶ በአሜሪካ ከሚዙሪ ግዛት ተነሥቶ ኢሊኖይን አቋርጦ ኢንዲያና ገባ። በሦስት ሰዓት ተኩል ውስጥ 695 ሰዎች ሞቱ፤ 2,027 ቆሰሉ፤ 15,000 ያህል ቤቶች ፈረሱ። ከሟቾቹ 11ዱ በሚዙሪ፣ 71ዱ በኢንዲያና፣ የቀሩት 613ቱ በኢሊኖይ ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ አንድ ቶርኔዶ ይህን ያህል ሰው የገደለበት ጊዜ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ የለም። አሜሪካኖቹ “የሦስቱ ግዛቶች ቶርኔዶ” ይሉታል።

“ነፋሱ በጣም ኃይለኛ ስለነበረ ነው” የሚለው መልስ ግማሹን ብቻ ይነግረናል። በጉልበት የሚስተካከሉት ቶርኔዶዎች ከዚያ በኋላም በተደጋጋሚ ተነሥተዋል፤ በሟቾች ቁጥር ግን አሜሪካ ውስጥ የተጠጋው አንድም የለም። ሌላው ግማሽ የሚገኘው ሰዎቹ በዚያች ሰዓት የት እንደነበሩ፣ ምን ዓይነት ሰማይ እንዳዩና ማስጠንቀቅ የሚገባው ክፍል ለምን ዝም እንዳለ ሲታይ ነው።

ቶርኔዶ ከነጎድጓድ ደመና ሥር ወርዶ መሬት የሚነካ፣ በኃይል የሚሽከረከር የአየር ዐምድ ነው። በበጋ ደረቅ ማሳ ላይ አቧራና ገለባ እያዞረ ከሚያልፈው አውሎ ነፋስ ጋር አይዛመድም፤ ያኛው ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ከጋለ መሬት ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ የሚበተን ነው። ከሀሪኬንም ይለያል። ሀሪኬን ከውቅያኖስ ላይ ተነሥቶ ለቀናት ይጓዛል፤ ስፋቱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር በመሆኑም መምጣቱ አስቀድሞ ይታወቃል። ቶርኔዶ ግን ጠባብና ድንገተኛ ነው።

የሚፈጠረው እንዲህ ነው። በጸደይ ወራት ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ሰሜን ይወጣል። ከምዕራብ ደረቅ አየር ይመጣል፤ ከሁለቱም በላይ ደግሞ ቀዝቃዛ አየር በፍጥነት ያልፋል። መሬት አጠገብ ያለው ነፋስ ከደቡብ ሲነፍስ ከፍ ብሎ ያለው ከምዕራብ በበለጠ ፍጥነት ስለሚሄድ፣ በመካከላቸው ያለው አየር በሁለት መዳፍ መሃል እንደሚድቦለቦል ሊጥ አግድም ይንከባለላል። ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ሲገፋ ይህን አግድም ጥቅልል ያቆመዋል፤ ያኔ ደመናው ራሱ መዞር ይጀምራል። እንዲህ የሚዞር ደመና ሱፐርሴል ይባላል። አብዛኛው ሱፐርሴል ቶርኔዶ ሳይጥል ይበተናል። ቶርኔዶ ቢወርድም ብዙውን ጊዜ 10 ደቂቃ አይሞላውም፤ ከኋላ የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር የሞቃቱን አየር መግቢያ ይዘጋበታል።

የ1925ቱ ቶርኔዶ ያልከሰመበትን ምክንያት የአየር ጠበብት የዚያን ዕለት መዛግብት እንደገና መርምረው አብራርተውታል። ሱፐርሴሉ የተፈጠረው ዝቅተኛ የአየር ግፊት ያለበት ማዕከል አጠገብ፣ ሞቃቱና ደረቁ አየር በሚገናኙበት ጫፍ ላይ ነበር። ማዕከሉም ሱፐርሴሉም በአንድ አቅጣጫ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተጓዙ። ስለዚህ ደመናው ከሚመግበው ሞቃት አየር ሳይነጠል ለሰዓታት ቆየ። የተመዘገበው የጥፋት መንገድ 219 ማይል (352 ኪሎ ሜትር) ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ መነሻው አካባቢ የደረሰው ጉዳት የሌሎች ትንንሽ ቶርኔዶዎች ሊሆን እንደሚችል ጠቁሞ፣ ያለማቋረጥ የአንዱ ቶርኔዶ ሳይሆን አይቀርም ያለውን ርቀት 174 ማይል (280 ኪሎ ሜትር) አድርሶታል። በሁለቱም ስሌት ቢሆን እስካሁን ከተመዘገቡት ረጅሙ ነው።

ለሰው የከፋው ግን የጉዞው ፍጥነት ነበር። በአማካይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፣ በፈጠነበት ቦታ ደግሞ 117 ኪሎ ሜትር ይጓዝ ነበር። ይህ የሚሽከረከረው ነፋስ ፍጥነት አይደለም፤ እሱ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህ ቶርኔዶው ራሱ ከከተማ ወደ ከተማ የሄደበት ፍጥነት ነው። በ117 ኪሎ ሜትር ሂሳብ፣ አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ የታየ ደመና ከሁለት ደቂቃ ተኩል በኋላ ደጃፍ ላይ ነው። ልጆችን ከጓሮ ለመሰብሰብ እንኳ አይበቃም።

በዚያ ላይ ቶርኔዶ አይመስልም ነበር። ሰው የለመደው ከሰማይ የተንጠለጠለ ቀጭን ቀንድ ነው። ይኸኛው አንዳንድ ቦታ 1.6 ኪሎ ሜትር ይሰፋ ስለነበር፣ ደመናውም ዝቅ ብሎ፣ ዝናቡና አፈሩ ተቀላቅሎ ዙሪያውን ሸፍኖት ነበር። ከሞት የተረፉ ብዙዎች ያዩት በመሬት ላይ እየተንከባለለ የመጣ ጥቁር ጉም ነው። ገበሬው ኃይለኛ ዝናብ የመጣ መስሎት ከብቱን ወደ በረት ሲነዳ፣ መምህሩ መስኮት ሲዘጋ ደረሰባቸው።

አርባ ደቂቃ በደቡብ ኢሊኖይ

ቶርኔዶው ሚዙሪ ውስጥ ኤሊንግተን አጠገብ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ላይ ተነሣ (ሰዓቱን በእኛ፣ ዓመታቱን ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍነው)። የአናፖሊስን ከተማ አብዛኛውን ክፍል ካፈረሰ በኋላ ሚሲሲፒ ወንዝን ተሻግሮ ኢሊኖይ ገባ። 8 ሰዓት ከ26 ላይ ጎርሃም የተባለችውን ትንሽ ከተማ መታ፤ ያልፈረሰ ቤት አልቀረላትም ማለት ይቻላል። ከስምንት ደቂቃ በኋላ፣ 8 ሰዓት ከ34 ላይ፣ መርፊስቦሮ ነበር።

ከጎርሃም እስከ ፓሪሽ ባለው መስመር፣ በ40 ደቂቃ ውስጥ 541 ሰዎች ሞቱ። መርፊስቦሮ ብቻዋን 234 ሰው አጣች፤ በአሜሪካ አንዲት ከተማ በአንድ ቶርኔዶ ይህን ያህል ሰው አጥታ አታውቅም። በከተማዋ የባቡር ጥገና ፋብሪካ ውስጥ 35 ሠራተኞች ሞቱ። ቀጥሎ ዴሶቶ፦ 69 ሟቾች፣ ከእነሱም 33ቱ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የነበሩ ተማሪዎች። ሰዓቱ ልጆች ክፍል ውስጥ የሚቀመጡበት ሰዓት ነበር፤ አንድ ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ ብዙዎቹ ወጥተው ነበር።

የትምህርት ቤቶቹ ጉዳይ ዛሬም ሕንፃ ለሚሠራና ለሚከራይ ሰው የሚጠቅም ነገር አለበት። ሕንፃ በቶርኔዶ የሚፈርሰው በቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ ነፋሱ በመጣበት በኩል ያለው መስኮት ወይም በር ይሰበራል። አየሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ጣሪያውን ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በዚያው ቅጽበት ከጣሪያው በላይ የሚያልፈው ነፋስ ወደ ውጭ ይስበዋል። የዚያ ዘመን ጣሪያ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የሚቆየው ይበልጡን በራሱ ክብደትና በጥቂት ሚስማር ነበር። ጣሪያው ሲነሣ የግድግዳው ጫፍ ድጋፉን ያጣል። ብረት ያልገባበት የጡብ ግድግዳ ከላይ ሲጫኑት ይችላል፤ ከጎን ሲገፉት ግን ይናዳል። ባለ ሁለት ፎቅ ከሆነ ደግሞ የላይኛው ወለል ጡቡን ይዞ ታች ያሉት ላይ ይወርዳል። ልጆቹን የገደላቸው በአብዛኛው ይኸው የሕንፃው ክብደት ነው።

“መስኮት ከፍቶ ግፊቱን ማስተንፈስ” የሚባለው የቆየ ምክር ስሕተት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ቤት የሚፈነዳው በውስጡ በታፈነ አየር አይደለም። መስኮት መክፈት ነፋሱን ወደ ጣሪያው ሥር መጋበዝ ነው፤ መስኮቱን ለመክፈት የጠፋችውም ደቂቃ አትመለስም።

ዌስት ፍራንክፈርት የከሰል ማዕድን ከተማ ነበረች። ቶርኔዶው ሲደርስ 800 ያህል የማዕድን ሠራተኞች 150 ሜትር ከመሬት በታች ሥራ ላይ ነበሩ። ከላይ ምን እንደተፈጠረ አላዩም፤ መብራት መጥፋቱን ብቻ አወቁ። አሳንሰሩ ስለቆመ በጠባቡ የአደጋ መውጫ እየተንጠላጠሉ ወጡ። ብቅ ሲሉ ሰፈራቸው የለም። ወንዶቹን ከምድር በታች ያለው ሥራቸው አተረፋቸው፤ ከላይ ከሞቱትና ከቆሰሉት የሚበዙት ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ነበሩ። አባት ተርፎ ቤተሰቡ ያለቀበት ቤት ስንት እንደነበር ስናስብ፣ “የጉዳት መጠን” የሚለው አነጋገር ምን ያህል እንደሚያንስ ይገባናል።

ኢንዲያና ውስጥ ግሪፊን የተባለችው መንደር ጠፋች። ጭቃው በነፋሱ ኃይል ቆዳ ውስጥ ስለተሰገሰገ የተረፉትን በመልክ መለየት እንኳ አስቸግሮ ነበር። ከዚያ እስከ ፕሪንስተን ባለው መንገድ 85 ያህል እርሻዎች ወደሙ፤ ፕሪንስተን ራሷ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ክፍሏን አጣች፣ 45 ሰው ሞተባት። ቶርኔዶው 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ፒተርስበርግ አቅራቢያ ከሰመ።

ማስጠንቀቂያው የት ሄደ?

የዚያን ዕለት ይፋዊ ትንበያ ዝናብና አቅጣጫው የሚለዋወጥ ኃይለኛ ነፋስ እንደሚኖር ይናገር ነበር። ስለ ቶርኔዶ አንድ ቃል የለበትም፤ ሊኖርበትም አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም ቃሉ ከትንበያ ተከልክሎ ነበር።

እገዳው የመጣው በ1880ዎቹ ነው። ያኔ የአየር ትንበያ ሥራ በጦር ሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል፣ በሲግናል ኮር፣ እጅ ነበር። ጆን ፊንሊ የተባለ የሠራዊቱ ባልደረባ ስለ ቶርኔዶ መረጃ እየሰበሰበ በ1884 የሙከራ ትንበያ ማውጣት ጀምሮ ነበር። አለቆቹ ግን ትንበያው ብዙ ጊዜ ሊስት ይችላል፣ ሕዝቡም ይሸበራል፣ ከቶርኔዶው ይልቅ ሽብሩ ይጎዳል ብለው ቃሉን አገዱ። ሥራው ወደ ሲቪሉ የአየር ትንበያ ቢሮ ሲዛወር እገዳው አብሮ ተዛወረ። የዘመኑ ሳይንስ ደካማ እንደነበር አይካድም፤ ያለ ራዳርና ያለ ሳተላይት ትክክለኛውን ቦታና ሰዓት መናገር አይቻልም ነበር። ሆኖም “ዛሬ ሰማዩን ጠብቁ፣ ምድር ቤታችሁን ክፍት አድርጉ” ማለት ይቻል ነበር። ሕዝቡ ይደነግጣል ተብሎ የተያዘው ዝምታ የብዙ ሰው ሕይወት አስከፍሏል ብለን እናምናለን።

ከተማ ለከተማ መጠራራትም አልሆነም። ቶርኔዶው ባለፈበት የስልክና የቴሌግራፍ ምሰሶዎች ስለወደቁ፣ ጎርሃም በስምንት ደቂቃ ውስጥ መርፊስቦሮን የምታስጠነቅቅበት መንገድ አልነበራትም።

እገዳው በ1938 ላላ። በማርች 1948 በኦክላሆማ ቲንከር የአየር ኃይል ጣቢያ ፎውቡሽና ሚለር የተባሉ ሁለት መኮንኖች ቶርኔዶ እንደሚመጣ ተነበዩ፤ በዚያው ምሽት ጣቢያውን መታው። አውሮፕላኖቹ አስቀድመው ወደ መጠለያ ስለገቡና ሰዎቹ ስለተጠነቀቁ ጉዳቱ ቀነሰ። በ1950 እገዳው ፈጽሞ ተነሣ፣ በ1952 ለሕዝብ የሚነገር የቶርኔዶ ትንበያ ተጀመረ።

ነፋሱ ካለፈ በኋላ

መርፊስቦሮ ውስጥ ነፋሱ ሲያልፍ እሳት ተነሣ። በፍርስራሹ መሃል የተቀጣጠለው ጣውላ ሰፈር ለሰፈር ተዛመተ። የከተማዋ የውሃ አቅርቦት ተቋርጦ ስለነበር ማጥፋት አልተቻለም። ከነፋሱ ተርፈው ግንድና ጡብ የተጫናቸው ሰዎች፣ ድምፃቸው እየተሰማ፣ በእሳት ሞቱ።

የቆሰሉት በባቡር ወደ ሌሎች ከተሞች ተወሰዱ፤ ሐኪሞችና ነርሶችም በባቡር መጡ። የቶርኔዶ ቁስል ከሌላ አደጋ ቁስል የሚለየው በውስጡ አፈር፣ ስንጥርና ፍግ ስለሚሰገሰግ ነው። ፔኒሲሊን የተገኘው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሕክምና ላይ የዋለው ደግሞ በ1940ዎቹ ነው። ስለዚህ የቆሸሸ ቁስል ማለት ማመርቀዝ፣ እጅና እግር መቁረጥ፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ሞት ማለት ነበር። ቀይ መስቀል ድንኳን፣ ምግብና ልብስ አቀረበ፤ የኢሊኖይ ብሔራዊ ዘብ ከተሞቹን ጠበቀ። የንብረቱ ጉዳት በወቅቱ ዋጋ 16.5 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ትልልቆቹ ከተሞች ቀስ በቀስ ተሠሩ። እንደ ፓሪሽ ያሉት ትንንሾቹ ግን ሕዝባቸው ተበትኖ ዳግም አላንሰራሩም።

ዛሬ በዚያ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን

የ1925ቱ ቶርኔዶ ያለፈበትን መስመር ዛሬ አይ-55፣ አይ-57 እና አይ-64 አውራ ጎዳናዎች ያቋርጡታል፤ የጭነት መኪና የሚነዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚመላለሱባቸው ናቸው። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ጋርላንድ፣ ቴክሳስ ደግሞ በዲሴምበር 26 ቀን 2015 ምሽት በቶርኔዶ ተመትታ 10 ሰዎች ሞተዋል። አብዛኞቹ የሞቱት ቤታቸው ሆነው ሳይሆን አውራ ጎዳና ላይ፣ መኪና ውስጥ እያሉ ነው።

ስለዚህ ሁለቱን ማስጠንቀቂያዎች መለየት የግድ ነው። “ዎች” ሲባል ለቶርኔዶ የሚመች አየር አለ ማለት ነው፤ ለሰዓታት ይቆያል፣ ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት፣ ጫማ የሚቀረብበት ጊዜ ነው። “ዋርኒንግ” ሲባል በራዳር ታይቷል ወይም ሰው በዓይኑ አይቶታል፤ ያለው ጊዜ ብዙ ጊዜ ከ10 ደቂቃ ብዙም አይዘልም። በ2011 ጆፕሊን፣ ሚዙሪ ውስጥ ሲረን ጮኾ፣ ማስጠንቀቂያ ተነግሮ እያለ 158 ሰዎች የሞቱበት አንዱ ምክንያት ብዙዎች ወዲያው አለመንቀሳቀሳቸው ነው። ሁለተኛ ምልክት ጠበቁ፤ ወጥተው ሰማዩን አዩ፤ ቴሌቪዥን ከፈቱ። የመጀመሪያው ዋርኒንግ ሲመጣ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

የስልክ ማስጠንቀቂያው የሚመጣው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። እንግሊዝኛ የማያነቡ እናትና አባት ቤት ውስጥ ካሉ ያንን የተለየ ጩኸት አስቀድሞ ማስለመድና የት ክፍል መግባት እንዳለባቸው ማሳየት ይገባል። ጩኸቱ ስለሚረብሽ ከስልኩ ላይ ያጠፉት ብዙ ናቸው፤ መልሰው ይክፈቱት። የከተማው ሲረን የተሠራው ውጭ ላለ ሰው ነው፤ ዘግቶ የተኛን ሰው ይቀሰቅሰኛል ብሎ መተማመን አይገባም።

ከመሬት በታች የተሠራ ምድር ቤት ካለ እዚያ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር። “ደቡብ ምዕራቡ ጥግ ይሻላል” የሚባለው መሠረት የለውም። አፓርታማ ከሆነ ወደ ታችኛው ፎቅ በደረጃ ወርዶ፣ መስኮት የሌለበት መሃለኛ ክፍል፣ መታጠቢያ ቤት ወይም ኮሪደር፣ መግባት ነው። የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ከታች ካለ ጎረቤት ጋር ቀድሞ ተነጋግሮ ቢስማማ መልካም ነው፤ በዚያች ሰዓት በር ማንኳኳት ጊዜ ይበላል። ጭንቅላትን በብስክሌት ኮፍያ ወይም በፍራሽ መሸፈን፣ ጫማ ማድረግ። ጫማው ለኋላው ነው፤ ፍርስራሹ በሙሉ ሚስማርና መስታወት ስለሆነ ብዙ ሰው እግሩን የሚጎዳው ቶርኔዶው ካለፈ በኋላ ነው። “ሞባይል ሆም” በሚባለው ተጎታች ቤት ውስጥ መቆየት ግን አይቻልም፤ ዎች ሲታወጅ ወደ ጠንካራ ሕንፃ መሄድ ነው።

መንገድ ላይ ያለ ሾፌር ከሩቅ አይቶ ለማምለጥ መሞከር የለበትም፤ የ1925ቱን ፍጥነት ያስታውስ። ባዶ ተጎታች ያለው ትራክ ቶርኔዶ ሳይደርስ በዳር ነፋሱ ብቻ ሊገለበጥ ይችላል። የቅርቡን መውጫ ይዞ ነዳጅ ማደያ ወይም ሌላ ጠንካራ ሕንፃ ውስጥ መግባት ነው። ያ ካልተገኘ ወይ ቀበቶ እንደታሰሩ ከመስኮት በታች ዝቅ ብሎ ራስን መሸፈን፣ ወይ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ቦይ ካለ ከመኪናው ራቅ ብሎ እዚያ መተኛት። ድልድይ ሥር መጠለል አደገኛ ነው፤ ነፋሱ በጠባቡ ቦታ ሲያልፍ ይበረታል፣ ፍርስራሹም እዚያ ያለውን ሰው ይመታዋል። በሜይ 3 ቀን 1999 ኦክላሆማ ውስጥ ድልድይ ሥር የተጠለሉ ሦስት ሰዎች ሞተዋል።

ካለፈ በኋላ ጋዝ የሸተተበት ቤት ክብሪት አይጫርም፣ መብራት አይበራም፤ ወጥቶ ከርቀት መደወል ነው። የወደቀ ሽቦ አይነካም። ትንሽም ብትሆን አፈር የገባባት ቁስል ለሐኪም ታይታ የቲታነስ ክትባት ይወሰድባታል። ስለ ንብረት፦ የተከራይ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ በነፋስ የጠፋውን የቤት ዕቃ ይከፍላል። መኪናን በተመለከተ ግን “ላያቢሊቲ” ብቻ የገዛ ሰው ቶርኔዶ ለሰባበረው መኪና አንድም ሳንቲም አያገኝም፤ የሚከፍለው “ኮምፕሪሄንሲቭ” የተባለው ነው። ውሉን ከጸደይ በፊት አውጥቶ ማየት፣ የቤቱን ዕቃ ክፍል በክፍል በስልክ ቪዲዮ ቀርጾ ለዘመድ መላክ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይፈጃል።